መቶ ሃያ በሰማንያ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ጾም መግደፌን፣ አባቴን መገላመጤን፣ አንድ ሰሞን ከአንድ ልጅ ጋር እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር እጅ ለእጅ ተያይዤ መዞሬን ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ትንንሹን አንድ በአንድ አስረክቤ ትልቁን ይዤ እወጣለሁ። እሳቸው ይፈቱኛል፣ እኔም መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ያ ነገር ግን እንደተቀመጠ ነው። እንግዲህ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፤ ምናልባት የሚቀለኝ ለዚህ ይሆናል። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር የሚቀለኝን መፈለግ ጀመርኩ።

እኔ የሰው ደም ግፊት ለክቼ ውሸት ተናግሬአለሁ። ተሳስቼ ቢሆን ስህተት ብዬ አልፈው ነበር። ሰምቼ፣ አውቄ፣ ፊቷን እያየሁ ነው የዋሸሁት። ዛሬ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ እሠራለሁ። ሰው «ሲስተር ፍሬ» እያለ ይጠራኛል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይሰጠኛል፤ የምነግረውን ቁጥር አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያ ጋዋን ምን እንዳስከፈለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈተናው ነው። በነርስ ረዳትነት ሠልጥኜ ስጨርስ የብቃት ምዘናው፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው ፈተና፣ ይጠብቀኝ ነበር። እሱን ያላለፈ ሰው የትም አይቀጠርም። የጽሑፉን አለፍኩ፤ እንዲያውም ጥሩ አመጣሁ። በተግባሩ ወደቅሁ። የወደቅሁትም ሁሉም ሰው ቀላል ነው በሚለው ነገር፣ ደም ግፊት በመለካት ነው። ማሰሪያውን በደንብ አሰርኩ፣ ኳሷን ጨመቅሁ፣ አየሩን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ድምፅ ግን አልመጣም። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ የላይኛውን ቁጥር፣ ድምፁ ሲጠፋ የታችኛውን ማንበብ ነው፤ ይኸው ነው ሥራው። እኔ በማዳመጫው ውስጥ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። መዛኟ «ስንት ነው?» ስትለኝ ገምቼ አንድ ቁጥር ጠራሁ። እሷ ለሁለት ሰው በሚሆነው ማዳመጫ አብራኝ ትሰማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።

ያን ቀን «አልሰማሁም፣ ድጋሚ ልለካ» ማለት እችል ነበር። ያስተማረችን ሲስተር ይህን ሁልጊዜ ትነግረን ነበር፦ «አልሰማሁም ማለት አያሳፍርም፤ ያልሰሙትን መናገር ነው የሚያሳፍረው።» እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አላውቅም ማለት ሞት የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ይህን ጠባዬን ሰው ጉብዝና ይለው ነበር። እኔም ጉብዝና ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

መውደቄን የሚያውቁት እናትና አባቴ ብቻ ነበሩ። እናቴ ለሰፈሩ «ውጤቱ ገና ነው» እያለች ታስወራለች፤ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በእኛ በኩል ባለው መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ ደግሞ ድሮውንም «ዶክተር» ነው የሚለኝ። አባቴ የፋብሪካ ጥበቃ ነው፤ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ከገበያ የግፊት መለኪያ ከነማዳመጫው ገዝቶ መጣና አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። «እንግዲህ የሚጎድልሽ ክንድ ነው» አለኝ። ድጋሚ ለመፈተን ተመዝግቤ ነበር። ክንድ ፍለጋ ጀመርኩ።

ድሬ ውስጥ ክንድ በብዛት የሚገኘው በርጫ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ጫት ሲቅም ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲጠና ከተማው ይዘጋል፤ ሱቁ ይቆለፋል፣ ባለ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው ጫቱን ይዞ ቁጭ ይላል። የእኛ ሰፈር እናቶች የሚሰበሰቡት አዴ ሐሊማ ቤት ነበር። አዴ ማለት እናት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። አንቱታ ድሬ ላይ ብዙም አይሠራም፤ እኛ የምናከብረውን ሰው አንቺ እያልን ነው የምናከብረው። አዴ ሐሊማ ጎረቤታችን ብቻ አይደለችም፤ እናቴ እኔን ወልዳ ስትተኛ አጥሚት ያጠጣቻት እሷ ናት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት። ገበያ ውስጥ ከእትዬ አስካለ ጋር ድሪያ፣ ያን ስስ ሰፊ የሴት ቀሚስ፣ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ሱቋ ውስጥ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ስትታይ ገዢው ሁሉ «ሌላዋ የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እትዬ አስካለ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጫት አትቅምም፤ ለውዝ እየፈለፈለች ለወሬው ትመጣለች።

እናም እኔ መለኪያዬን ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ ፍራሹ ላይ ተደግፈዋል፣ ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ እነሱም ከቬንትሌተሩ በላይ ይጮኻሉ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ መሃል ላይ ሶማሊኛ ይገባል። መጽሐፉ፣ ሰው የሚለካው በጸጥታ ዐርፎ፣ የሚያነቃቃ ነገር ሳይወስድ ነው ይላል። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን የእኔ ጉዳይ ክንድ ማግኘት ነበር።

«ኮቱ፣ ኢንታላ ቲያ፣ ነይ ልጄ» አለች አዴ ሐሊማ፤ የመጀመሪያውን ክንድ የሰጠችኝ እሷ ናት። «ከኔ ጀምሪ። እኔ የግፊት በሽተኛ ነኝ፤ እጄን ጤና ጣቢያ ለምዶታል።»

አሰርኩ፣ ጨመቅሁ፣ ለቀቅሁ። ምንም አልሰማሁም። ሁሉም አፌን ያያሉ።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አልኩ።

«እሱ ምንድነው? ጥሩ ነው መጥፎ?»

«የጤነኛ ሰው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ሰማችሁ? አቦ እዚያ ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ያስፈራሩኛል እኮ። ወላሂ የዚህች ልጅ እጅ በረካ አለው!»

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ለምን እንዲያ አልኩ? መጽሐፍ ላይ ከሁሉ በፊት የምትማሩት ቁጥር እሱ ስለሆነ አፌ ላይ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሁሉም ሰው ሲሰማው የሚደሰትበት ቁጥር ነው። መጥፎ ቁጥር ብናገር ሰው «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል፤ ጥሩ ቁጥር የሚጠራጠር የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ሁሉንም ጤነኛ አደረግኋቸው። እንዳያስታውቅብኝ አንዷን መቶ አሥራ አምስት፣ አንዷን መቶ ሠላሳ እላለሁ። ወጣት የሆነችውን ዝቅ፣ ሸምገል ያለችውን ትንሽ ከፍ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ለመማር ያልዋለ ጭንቅላቴ ለዚህ ሲሆን እንደ ጎበዝ ይሠራ ነበር።

በየቀኑ ነገ እሰማለሁ እያልኩ ነው የምሄደው። ያን ያህል ክፉ ሰው አልነበርኩም ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ልተወው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዴ ሐሊማ ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። «ክኒኑን ተውኩት» አለችኝ። «ያዞረኝ ነበር፤ አፌን ያደርቀው ነበር። ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርጋል? ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰልፍ መያዝም ቀረልኝ። አንቺ አለሽልኝ አይደል?»

እኔ ይህን ስሰማ ምን አደረግሁ? ሳቅ አልኩ። የግፊት ታማሚ ልኬቱ ቢስተካከልለት እንኳ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም ማስተማር ግዴታ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያችው ጥያቄ በጽሑፍ ፈተናው ላይ መጥታ በትክክል መልሻታለሁ። ወረቀት ላይ ለማትኖር ሴት መድኃኒትሽን አታቁሚ ብያለሁ። ፊት ለፊቴ ለተቀመጠችው፣ እናቴን አጥሚት ላጠጣችው ሴት ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ብናገር «ለምን? አንቺው አይደለሽ ድነሻል ያልሽኝ?» ትለኛለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ሰው አላዋቂነት ነው ሊለው ይችላል። የዚያን ቀኑን ግን ማንም እንዲያ እንዲለው አልፈልግም።

መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ሲቆም ሴቶቹ «ወይኔ በቃ ተቀቀልን» እያሉ አየር ያለበት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። አዴ ሐሊማ ብቻዋን ጋደም ብላ ቀረች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ፈተናው ደርሷል፤ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ክንዷን ያዝኩ። አሰርኩ፣ ጨመቅሁ፣ ለቀቅሁ።

ሰማሁት።

ጥርት ብሎ፣ በር እንደሚንኳኳ፣ ዱብ ዱብ ዱብ። ከዚህ በፊት ለምን እንዳልሰማሁት ገባኝ፤ ማዳመጫውን የማስቀምጠው ከደም ሥሩ ፈንጠር አድርጌ ነበር። የመጀመሪያ ስሜቴ ምን ነበር መሰላችሁ? ደስታ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። አለፍኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ ነው ያልኩት በልቤ። ጠቋሚው የት ላይ እንደነበረ ያየሁት ከደስታዬ በኋላ ነው።

መቶ ዘጠና ላይ ጀምሮ መቶ አሥር ላይ ነው የጠፋው።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ያው ነው። በሌላ ክንዷ ሞከርኩ። ያው ነው። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ግፊት ይዞ ጋደም ብሎ ሊስቅ ይችላል፤ ይህንንም ተምሬዋለሁ፤ ለዚያ ነው የሚያስፈራው።

«ምነው ደጋገምሽው ዛሬ?» አለችኝ። «ስንት ነው?»

አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። «አዴ፣ ተነሺ፣ ባጃጅ ልጥራ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። ምን አሰብኩ? የእሷን ጭንቅላት አላሰብኩም፤ የእሷን ልብ አላሰብኩም። ያሰብኩት እኔን ነው። መቶ ዘጠና ብላት «ታዲያ ያ ሁሉ መቶ ሃያ የት ሄደ?» ትላለች። ጤና ጣቢያ «ማን ነው መድኃኒት ያስቆመሽ?» ይሏታል። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእናቴን ፊት አሰብኩ፣ አባቴ የገዛውን መለኪያ አሰብኩ፣ ዶክተር የሚሉኝን ሰዎች አሰብኩ። ደግሞም ምክንያት አላጣሁም፦ ጫት ግፊት ይጨምራል፣ መለኪያው የገበያ ዕቃ ነው፣ ፈተናው ይለፍና እነግራታለሁ፣ ጥቂት ቀን ምን ያመጣል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ማሰሪያውን ከክንዷ እስክፈታ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰው ራሱን ለማዳን ሲሆን እንዴት ይፈጥናል!

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አልኳት።

«ማሻአላህ» አለች። «በይ ውሃ አቀብይኝ።»

ውሃውን ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች።

ስለ መለኪያው የምታስቡ ካላችሁ፣ በኋላ ክሊኒክ ወስጄ ከሌላ ጋር አስተያይቼዋለሁ። ትክክል ነበር። አባቴ ደህና ዕቃ ነው የገዛልኝ።

ከዚያ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ብሎ ያወራዋል። እትዬ አስካለ የልጅ ልጇ በሙቀት ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት የሱቃቸውን ቬንትሌተር ወደ ቤት ወሰደችው። ሳትናገር ነው የወሰደችው። አዴ ሐሊማ ሱቅ ስትገባ ቆርቆሮው እሳት ሆኖ ጠበቃት። «ኧረ አቦ አስካለ፣ እኔ እዚህ ልቀቀል ነው?» ብላ ጮኸች። እትዬ አስካለም «ለሕፃን ነው እኮ! አንድ ቀን ብትችይ ምን አለበት?» ብላ ጮኸች። ሁለቱ ሲጮኹ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ተጯጩኸው አብረው ምሳ በልተዋል። ያን ቀን ግን አዴ ሐሊማ ለገዢ ድሪያ ልታወርድ እጇን ስታነሳ አፏ ተጣመመ፤ ከነጨርቁ ወደቀች። ያነሳቻት፣ አቅፋ ባጃጅ ላይ የጫነቻት፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሆስፒታል ያደረሰቻት እትዬ አስካለ ናት። ይህን ግን ሰፈሩ ሲያወራ አይጨምረውም።

እኔ ቤት ነበርኩ፤ የተግባር ፈተናውን ቅደም ተከተል በቃሌ እየወጣሁት። ታካሚውን ሰላም በል፣ ራስህን አስተዋውቅ፣ የምታደርገውን አስረዳ። እናቴ «ሐሊማ ወደቀች!» እያለች ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር? መለኪያውን ከጠረጴዛው አንስቼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ነው ጫማዬን የፈለግሁት።

ሆስፒታል ስደርስ ነጃት ቀድማኛለች። ነጃት የአዴ ሐሊማ ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ፣ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ። ሐኪሙ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አላት፤ «መድኃኒት ትወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ፣ ትወስዳለች» አለች ነጃት። እንደዚያ ነው የሚመስላት። እኔ ከኋላዋ ቆሜአለሁ። ሐኪሙ በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ሲጽፍ አየሁት። እዚያ እንኳ፣ ሴትየዋ አልጋ ላይ ተዘርግታ፣ እውነቱ ለሕክምናዋ ይጠቅም በነበረበት ሰዓት፣ እኔ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ተፈተንኩ። አዴ ሐሊማ ሆስፒታል ተኝታ ነው የተፈተንኩት። ግፊት የምለካለት ሰው የማላውቀው ወጣት ነበር። ማዳመጫውን ደም ሥሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ድምፁ መጣ፤ ያየሁትን ቁጥር ተናገርኩ፤ መዛኟ ራሷን ነቀነቀች። አለፍኩ። ለማላውቀው ሰው እውነቱን ነገርኩት። መስማት የተማርኩት በማን ክንድ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ እናቴ እልል አለች፣ ከዚያ ሐሊማ ትዝ አለቻትና አለቀሰች።

እዚህ ላይ ብጨርስ በደሌ አንድ ይሆን ነበር። አልጨረስኩም።

አዴ ሐሊማ ወደ ቤት ስትመለስ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፤ አፏም ተይዟል። ጠያቂው ይጎርፋል፤ ወሬው አንድ ነው፦ እንዴት እንዲህ በድንገት? ነጃት በሰው ሁሉ ፊት «ደህና እኮ ነበረች» አለች። «ፍሬ በየጊዜው ትለካት ነበር። ከመውደቋ በፊት እንኳ ለክታት ጤነኛ ነበረች። በዚያች ቀን ነው የተነሳባት። አስካለ ናት ያናደደቻት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ንዴት ነው አይደል ፍሬ? አንቺ ተምረሻል። ንዴት እንዲህ ያደርጋል አይደል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል። የምስክር ወረቀቴን ከያዝኩ ገና ብዙ አልቆየሁም።

«ንዴት ግፊት ይጨምራል» አልኩ።

ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት ናት፤ ከመጽሐፍ ናት የወጣችው። በእውነት ቃል ሰው ላይ መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን ዐወቅሁ። በሐሰት የጠራሁት ቁጥር እትዬ አስካለ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ፤ እኔ ደግሞ ምስክሩን በሙያዬ አጸናሁት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። በፌስታል ብርቱካን ይዛ ነበር የመጣችው። ብርቱካኑን በሩ ጋ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ነጃትም አታስገባትም። ሱቋን ለሰው ለቀቁ።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ። «ፍሬዬ፣ ሌላ ሰው የለም፤ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ የጣልኳት?»

አሁንም ዕድል ተሰጠኝ። ከዚህ የቀለለ ዕድል ማን ያገኛል? ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷም ይቅር የምትል ሴት ናት። እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው እትዬ» አልኳት። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የእሱን ስም መደበቂያ አደረግሁት። እሷ «እውነትሽን ነው ልጄ» ብላ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። የሳመችኝ ቦታ እስካሁን ይከብደኛል።

ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በየእሁዱ አዴ ሐሊማ ጋ እሄዳለሁ። ግፊቷን እለካለሁ፣ ክኒኗን አያለሁ፣ እጇን አሻሻለሁ። የምናገረው ቁጥር አሁን እውነተኛ ነው፤ ከፍ ካለ ከፍ ብሏል እላለሁ። ነጃት ምሳ ሳልበላ አትለቀኝም፤ «ከእህት በላይ ነሽ» ትለኛለች፤ ትመርቀኛለች። እበላለሁ። ምርቃቱንም ምሳውንም እውጣለሁ። በጎ ሥራ እየሠራሁ ነው ብዬ ራሴን ያታለልኩባቸው ብዙ እሁዶች አሉ። በጎ ሥራ አይደለም። የበደልኩትን ሰው ቤት ሄጄ ምስጋና እየሰበሰብኩ ነው የምመለሰው።

አዴ ሐሊማ የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ «አስካለ» ነው። በሩን እያየች ትጠራታለች። ነጃት ስትሰማ ፊቷ ይጠቁራል፤ «አየሽ? የሠራቻትን እስከዛሬ አልረሳችውም» ትለኛለች። እኔ ግን ዓይኗን አያለሁ። ሰው የጠላውን ሰው በር በር እያየ አይጠራም። ናፍቃታለች። ያን ሁሉ ዓመት አብራት የሠራች፣ የጮኸችባት፣ የጮኸችላት ጓደኛዋ ናፍቃታለች፤ የት እንደሄደችባትም አልገባትም። እነዚህን ሁለት ሴቶች የለያየ ቬንትሌተር አይደለም፤ እኔ ነኝ። ግማሽ ጎኗን የወሰድኩባት አልበቃኝ ብሎ ጓደኛዋንም ወሰድኩባት።

መድኃኒቷን ባታቆም ኖሮ አትወድቅም ነበር ወይ? ልትወድቅም ትችል ነበር። ይህን ሐኪም ሆኜ ብማር እንኳ በእርግጠኝነት አላውቀውም። ብዙ ቀን በዚህች «ልትወድቅም ትችል ነበር» ሥር ተጠልያለሁ። እትዬ አስካለ ግን ይህች መጠለያ አልተሰጣትም። እሷ በእርግጠኝነት ጥፋተኛ ተብላ ነው የምትኖረው።

ሐሙስ ዕለት ባጃጅ ተራው ጋ አገኘኋት። ከስታለች። ሳላስበው «እትዬ፣ እሁድ አዴ ሐሊማ ጋ እወስድሻለሁ» አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመች። «ነጃት ታስገባኛለች?» አለችኝ። «እኔ አለሁ፤ ለሁላችሁም የምናገረው ነገር አለኝ» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ትናንት ወደ ማታ በራችን ላይ መጣች። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች፤ ለጥየቃ የሚሆን ስኳርና ብርቱካን መግዛቷን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፍሬዬ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ እንዴ?» አለችኝ። «አባቴ ሰው ሲበድል ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጅ ላይ ወድቆ ሲለምን አይቻለሁ። እነ ነጃት ጋ ወጉ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ገቢ ወጪ ነሽ፤ ታውቂያለሽ። ከተሸከምኩ ነጃት ትራራልኝ ይሆናል።»

ይህች ሴት የእኔን በደል ይቅርታ ልትለምን ድንጋይ እየመረጠች ነው። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጉልበቷ። ልክ እዚያ በር ላይ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ምንም አትሸከሚም» አልኳት።

«ለምን?»

«እሁድ ትሰሚያለሽ።»

ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ይቅር ብትሉኝ እትዬ አስካለ እንደ ጥፋተኛ ትኖራለች፤ አዴ ሐሊማም በር በር እያየች ትጠራታለች። የእናንተ ይቅርታ ለእኔ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ለእኔ የሚጠቅመኝን ስመርጥ ነው እዚህ የደረስኩት። ወጣት ነበርኩ፣ ፈተናው አስጨንቆኝ ነበር አልልም። ወጣት የሆኑ፣ ፈተና የነበረባቸው፣ አልሰማሁም ያሉ ልጆች አብረውኝ ተምረዋል። ይህን መጻፌም እንደ መናገር እንዳይቆጠርልኝ። እናንተ ጆሮ ናችሁ፤ የሚመለከታቸው ግን በሕይወት አሉ፤ አዴ ሐሊማ አፏ ነው እንጂ የተያዘው ትሰማለች፣ ሁሉንም ትረዳለች። እሁድ ክፍሉ ውስጥ ሦስቱም ይኖራሉ። መጀመሪያ የማወራው ለአዴ ሐሊማ ነው፤ ያን መብራት የጠፋ ቀን ስንት እንደነበር እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ነጃት ታስወጣኝ፣ ትምታኝ፣ ክሊኒክ ሄዳ ትክሰሰኝ፣ የእሷ ፋንታ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።